ሱሪ አይዋሽም

ልብስ ሰፊውን ሰፈርተኛው ሁሉ «ጋሽ ልኩ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ደንበኛ በሩን አልፎ ሲገባ፣ እሱ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ወገብ ዘጠና ሁለት፣ እጅጌ ስልሳ አንድ» ይላል፤ ሜትሩ ሲዘረጋም ከግማሽ ሴንቲ በላይ አይስትም። የሰውን ሁሉ ልክ እንዲህ የሚያውቅ ሰው የራሱን አለማወቁ ነው ጉዱ። የሱን ልክ የምታውቀው ሚስቱ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ኖራለች፤ ከዚያ ውስጥ ሃያውን ከስፌት መኪናው ጎን ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክልና ጠርዝ ስታጥፍ ነው ያሳለፈችው። ሱቁ የቤታቸው የፊት ክፍል ስለሆነ ከሱ የምትርቀው ገበያ ስትሄድ ብቻ ነው።

ስኳር እንዳለበት የተነገረው አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። የውሃ ጥሙ አልቆም፣ ሽንቱም አላስተኛ ቢለው ሚስቱ ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ ታጋሽ ነበረች። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር እንደሆነ፣ በክኒን፣ በአመጋገብና በእግር ጉዞ እንደሚያዝ፣ አንድ መቶ አራት ኪሎው ትንሽ እንኳ ቢቀንስ ብዙ እንደሚያግዘው አስረዳችው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ይበቃል፣ ቢበዛ አንድ፤ ከዚያ በላይ መሮጥ አያስፈልግም አለች። ክኒኑ ደግሞ ምግብ ተዘልሎ የሚዋጥ እንዳልሆነ፣ በባዶ ሆድ ከተዋጠ የደም ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሰው እንደሚጥል ሁለት ጊዜ ደጋግማ ነገረችው። ሲወጡም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ አባቴ» ብላ ሸኘችው።

ጋሽ ልኩ ራሱን ነቅንቆ፣ አመስግኖ ወጣ። ደጁ ላይ ግን ወደ ሚስቱ ዞሮ «እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ የኔ ዓይን ይጠፋል» አላት።

ወዶ አይደለም እንዲህ ያለው። ታላቅ ወንድሙ ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ በጸጉር ማስተካከያ ቤት ግድግዳ ላይ ያለ ሰዓት እንኳ ድምፁን ሰምቶ በሽታውን ይናገራል። እሱም ያው ስኳር ነበረበት። «ምን ያደርገኛል» እያለ ዓመታት አሳለፈና ዛሬ መስኮቱ የት እንዳለ የሚያውቀው ፀሐይ ፊቱን ሲያሞቀው ነው። ጋሽ ልኩ አርብ አርብ ከሰዓት እሱ ዘንድ ሄዶ ጋዜጣ ያነብለታል። ዓይን የሌለው ሰዓት ጠጋኝ ቢያንስ ጆሮ አለው። ዓይን የሌለው ልብስ ሰፊ ግን ምን ይባላል? ይኼን ነበር ሰውየው በልቡ የሚያብሰለስለው፤ ሚስቱም ሳይነግራት ታውቀዋለች።

እናም ቸኮለ። በሁለት ወር ሃያ ኪሎ ብሎ ወሰነ። ሚዛን ግን ቤቱ አላስገባም። ሚዛን ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ይናገራል ባይ ነው። በሜትር ራሱን መለካትም እርም ነው፤ ልብስ ሰፊ ራሱን ሲለካ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ይህን ስፌት ካስተማረው መምህሩ ነው የሰማው። ሚስቱ ልለካህ ብትለው «አንቺ ደግሞ ለኔ ብለሽ ሜትሩን ታጠብቂዋለሽ» አላት። እንግዲህ የቀረው ምስክር አንድ ግራጫ ሱሪ ነው፤ ራሱ የሰፋው፣ ወገቡ ልክክ የሚል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይለብሰዋል፤ ወገቡን ከሆዱ ሳብ አድርጎ በክፍተቱ ስንት ጣት እንደሚገባ ያያል። «ሱሪ አይዋሽም» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ልብስ ሰፊን ረስተውት ነው።

ከነርሷ ምክር የወደደውን ቆርጦ ወሰደ፣ የቀረውን እንደ ቅዳጅ ጨርቅ ጣለው። ክኒኑን አንድም ቀን አላሳለፈም። ምግቡን ግን ጠዋት ባዶ ሻይ፣ ማታ አንድ እንቁላል አደረገው። ጎረቤቱ ጸጉር አስተካካይ ደግሞ ነገር ማራገብ ይወዳል፤ «ፊትህ ተመዘዘ፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ መሰልክ» እያለ ያሞቀዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ጣት ተኩል ገባ። ጋሽ ልኩ ሱሪውን በእጁ ይዞ ጸጉር ቤቱ ድረስ ሄዶ አሳየ። ሚስቱ የሠራችው ምሳ እንዳለ ለጎረቤት ውሻ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ዕለት፣ ረፋዱ ላይ፣ የአንድ ደንበኛ ኮት ጀርባ ሲቆርጥ መቀሱ ከጠመኔው መስመር ወጣ። ሚስቱ ቀና ስትል ግንባሩ በላብ ርሷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጨርቁን እያየ የማይገናኝ ነገር ያወራል። ከዚያ ጉልበቱ ከዳውና መቀሱን እንደያዘ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ነርሷ ያለችውን እሷ ነበረች የሰማችው። ሦስት ማንኪያ ስኳር ሻይ ውስጥ በጥብጣ፣ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ትንሽ ትንሽ አጠጣችው፤ ቀጥላ ዳቦ አጎረሰችው። ነፍሱ ስትመለስ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ጨርቁ ነው። ተበላሽቷል አለችው። ስለ ራስህ ግን አልጠየቅክም ብላ ልትጨምር ፈልጋ እንባዋ ቀደማት።

ነርሷ ተቆጣች፤ ክኒኑንም ሐኪሙ አስተካከለለት። ጋሽ ልኩ ከድንጋጤው የተነሳ ዐሥር ቀን ያገኘውን ሁሉ በላ፤ የሄደውም ኪሎ ጃንጥላ እንደረሳ እንግዳ ተመልሶ መጣ። ቅዳሜ ሱሪውን ሲለብስ አንድ ጣት ቀርቶ ጥፍር አልገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አለች ሚስቱ፣ በሆዷ። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ከሰኞ ጀምሮ እንደገና ማታ አንድ እንቁላል፣ ሌላ የለም ብሎ ማለ።

ያኔ ፈራች። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ ገበያ ሄዳ ስትመለስ ወለሉ ላይ ወድቆ ብታገኘውስ? መቀሱ ላይ ቢወድቅስ? ለምና ለምና አንድ ሳምንት ብቻ እንዲሰጣት ተስማሙ። በቀን ሦስት ጊዜ እሷ በለካችው ሳህን ይበላል፤ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ዳቦ ወይም ሩዝ፣ የቀረው ምስር ወይም እንቁላል። ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት አብረው በእግራቸው ይሄዳሉ። ቅዳሜ ሱሪው ካልሰፋ እንደ ፍጥርጥሩ ይሁን፣ አትናገረውም።

«ሱሪው ይፍረድ» አለ ጋሽ ልኩ።

ሚስትየው ሞኝ አይደለችም። ግማሽ ኪሎ ለዓይንም ለሱሪም እንደማይታይ ታውቃለች። ሰኞ፣ ማክሰኞ በላ፤ ረቡዕ ሲሄዱ ትንፋሹ ደህና ሆነ፤ ሐሙስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደንበኛ ጋር ቀለደ። ሐሙስ ማታ ሱሪው በቅዳሜ ምን እንደሚፈርድ እያሰበች ተኛች። አርብ ከሰዓት ባልየው ጋዜጣውን ጠቅልሎ ወደ ወንድሙ ሲሄድ፣ የሱቁን መጋረጃ ጋረደችና ግራጫውን ሱሪ ገለበጠችው።

ሱሪ ከኋላ፣ መሀል ላይ፣ ከውስጥ የተተወ ትርፍ ጨርቅ አለው። ሰው ሲወፍር እንዲሰፋለት ነው ሰፊ ሁሉ የሚተወው። ጋሽ ልኩም ለራሱ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሴንቲ ተኩል ትቶ ነበር። ሚስቱ ስፌቱን ተረተረች፤ ከግራ ግማሽ ሴንቲ፣ ከቀኝ ግማሽ ሴንቲ ለቀቀች፤ ወገቡን ከፍታ ገጠመች፤ መልሳ ሰፋችና በካውያ ተኮሰችው። በሃያ ዓመት ውስጥ ከሷ እጅ ቀጥ ያለ የጀርባ ስፌት ወጥቶ አያውቅም፤ ይኼኛው ግን ከጭንቀት የተነሳ ቀጥ አለ። ዓይኗን በጨው አጥባ ሱሪውን ቦታው ሰቀለችው።

ቅዳሜ ግማሽ ጣት ገባ። ጋሽ ልኩ እንደገና ሞከረ። «በልቼ?» አለ። ሌላ አንድ ሳምንት ጨመረ። በሚቀጥለው አርብ ሚስቱ ሌላ ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ለቀቀች፤ በሚቀጥለውም። የደንበኛን ልብስ ከመንገድ ማዶ አይቶ «ትከሻው ተዛብቷል» የሚል ሰው የራሱን ጀርባ ግን አያይም፤ ማንስ ያያል? አንድ ነገር ብቻ ሊያጋልጣት ምንም አልቀረውም። ሱሪው በዕድሜ ብዛት ደብዝዟል፣ ከውስጥ የወጣው ትርፍ ግን ፀሐይ ስላላየ ጠቆር ያለ ነው። ጸጉር አስተካካዩ አንድ ቅዳሜ ከኋላው ሆኖ ይኼ ጥቁር መስመር ምንድነው ብሎ ጠየቀ። ሚስትየው ከበሩ ላይ ሆና እርጥብ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው አለች፤ ማታውኑም መስመሩን በጠመኔ አሸችው። ውሸት አንዴ ከተጀመረ ሥራው ብዙ ነው።

ደስ ይላት ነበር ብል እዋሻለሁ። ባሏ ሳህኑን ጨርሶ ሲነሳ ደስ ይላታል፤ ቅዳሜ ጠዋት ጣቱን ቆጥሮ ሲስቅ ግን አንጀቷን ይበላዋል። ሰው አምኖ የሚመሰክርበትን ነገር ነው ያበላሸችው። ደግሞም አንድ ጣት አራት ኪሎ ተኩል ነው ብሎ ስሌት አውጥቶ፣ የቀነሰውን ለመንገደኛው ሁሉ ይናገራል። የሦስት ወሩ ቀጠሮ ሲደርስ የጤና ጣቢያው ሚዛን ምን እንደሚል ስታስብ እጇ ላይ መርፌ ይወጋታል።

በአምስተኛው አርብ ትርፉ አለቀ። ስፌቱ የጨርቁ ጠርዝ ላይ ደረሰ፤ ከዚህ በኋላ የሚለቀቅ ክር እንኳ የለም። የፈሩት ይደርሳል። በስድስተኛው አርብ ሱሪውን ገልብጣ አየችው፣ መልሳ ሰቀለችው። ያን ሌሊት ስትገላበጥ አደረች። ነገ ሱሪው እንዳለ ይቆማል፤ እሱም ሰኞ ወደ አንድ እንቁላሉ ይመለሳል።

ጠዋት ወጥ ቤት ገብታ የታጠበ ሳህን እንደገና ታጥብ ጀመር። ከመኝታ ቤት ድምፅ የለም። ከዚያ «ነይ እስቲ» አላት። እጇን ሳትጠርግ ሄደች። ጋሽ ልኩ መስታወቱ ፊት ቆሞ፣ ወገቡን ሳብ አድርጎ፣ ጣቱን አስገብቶ ነበር። ያለፈው ሳምንት ሁለት ተኩል ነበር። አሁን ሦስት ሊሆን ትንሽ ቀረው።

ያንን ሱሪ ማንም አልነካውም። ይኼን በዓለም ላይ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የምታውቀውን ደግሞ ለማን ትናገር? አልጋው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጋሽ ልኩ ምን ሆነሽ ቢላት ሽንኩርት ነው አለች፤ ሽንኩርት እንኳ አልከተፈችም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሱሪው በራሱ ትንሽ ላላ፣ ከዚያም በሚቀጥለው፣ በአራተኛውም። አርብ ከሰዓት እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ለመደች።

ቀጠሮው ማክሰኞ ነበር። ጋሽ ልኩ ግራጫውን ሱሪ ለብሶ ሄደ፤ ጣቱ ሦስት ተኩል ደርሷል። በመንገድ ላይ ነርሷ «ሰማንያ ስምንት» ስትል ፊቷ ምን እንደሚመስል ለሚስቱ እያስመሰለ አሳያት፤ እሷ ግን እርምጃዋን አፈጠነች።

ሚዛኑ ዘጠና ዘጠኝ አለ።

ወረደ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ወጣ። ዘጠና ዘጠኝ። ሚዛናችሁ ተበላሽቷል አላት ነርሷን በትሕትና። ነርሷ ግን ወረቀቱን ይዛ ፊቷ በርቷል። በሦስት ወር አምስት ኪሎ፣ ልክ እንደታዘዘው፤ የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራም ከዘጠኝ ተኩል ወደ ሰባት ወርዷል፤ የዓይን ምርመራውም እስካሁን ደህና ነው። ብዙ ሰው እንዲህ አያደርግም ብላ አሞገሰችው። አንዱንም አልሰማም። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ በላሁ፣ ሄድኩ፣ ያለኝ አምስት ኪሎ ነው፣ እንግዲህ የኔ ነገር በጾም ካልሆነ አይሆንም፣ ከነገ ጀምሮ... እያለ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ሚስትየው ከዚያ በላይ አልቻለችም።

«ሚዛኑ አልተበላሸም» አለች። «የተበላሸው ሱሪህ ነው። እኔ ነኝ ያሰፋሁት።»

ነርሷ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየችና ወረቀቷን ማገላበጥ ያዘች። ጋሽ ልኩ የጫማውን ክር እንደያዘ ቀረ።

ቤት ሲደርሱ ሱሪውን አወለቀ፤ ሌላ ለበሰ፤ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ግራጫውን ገለበጠው። መርፌ ከወጣ በኋላም ቀዳዳው ጨርቅ ላይ ይቀራል። አምስት መስመር፣ አንዱ ከሌላው ግማሽ ሴንቲ እየራቀ፣ እስከ ጠርዙ ድረስ። እያንዳንዱን በጣቱ ዳሰሰው። ሚስቱ ቆማ ትጠብቃለች፤ ስድብም ቢሆን ይምጣ ብላ ተዘጋጅታለች።

«አምስት ጊዜ አታለልሽኝ» አለ።

«አምስት ጊዜ።»

«በገዛ ሱሪዬ።»

«ሌላ የምትሰማው ነገር ስለሌለ ነዋ» አለች። «እኔን አትሰማ፣ ነርሷን አትሰማ። አንተ ዓይንህን ፈራህ፤ እኔ አንተን እንዳላጣ ፈራሁ። ከወለል ላይ ከማነሳህ ዋሽቼህ ብትበላ ይሻላል አልኩ። ከፈለግክ ተቀየመኝ።»

ጋሽ ልኩ መቀየም ይችል ነበር፤ ምክንያቱ አለው። ከዚያ የመጨረሻውን መስመር፣ ጠርዙ ላይ ያለውን፣ በጥፍሩ ነካ አደረገው።

«ይኼ የመቼ ነው?»

«አንድ ወር አልፎታል። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። የሚለቀቅም የለው።»

ልብስ ሰፊው ሒሳብ ያዘ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየችው። ያኔ ሁለት ጣት ተኩል፣ ዛሬ ሦስት ተኩል።

«እንግዲያ አንዱ ጣት...»

«ያንተ ነው። ከበፊቶቹም ውስጥ ያንተ አለበት፤ የቱ ያንተ፣ የቱ የኔ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም። ይኼኛው ግን ሙሉውን ያንተ ነው። ሦስቴ በልተህ፣ ማታ ማታ ሄደህ ያመጣኸው ነው።»

ሰውየው ጣቱን ቀና አድርጎ አየው። ሌባ ጣቱ ነው፤ ሰፋ ያለ፣ በመርፌ የጠነከረ። አንድ ጣት በወር። እንዲህ ከሆነ ሃያው ኪሎ መቼ ሊያልቅ ነው ብሎ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሳይናገር ዘጋው። ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ፤ ቢሆኑም ከመስኮቱ ብርሃን ፊት ለፊት የሱሪውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ያያሉ።

«የመጨረሻው ስፌት ጠማማ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

ሱሪውን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በእነዚህ ሳምንታት ሁሉ ምግብ ስታቀርብለት በልቷል፣ ሳታቀርብለት ስትቀር ትቷል፤ ራሱ ጠይቆ ግን አያውቅም።

«ሰዓቱ ሄደ እኮ» አላት። «ምሳ አንበላም?»